ለሞት የሚጫን ቁጥር ይሰጠን ዘንድ

ለተከበሩ ዶክተር አዳልቤርቶ ኡርኪዲ
የአዳዲስ መድኃኒቶች ሙከራና የስልክ ክትትል ዳይሬክቶሬት ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ዶክተር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ? ልብዎ ደህና ይመታል? በእኛ በታኮፓምፓ ሰላምታ የሚጀመረው ከልብ ነው፤ እርስዎ ከኛ አብልጠው እንደሚያውቁት፣ ቪንቹካ የምትባለው ተባይ ከጭቃው ግድግዳ ስንጥቅ ወጥታ በተኛንበት ፊታችንን ትነክሰንና በሽታዋ ስንት ዘመን ተደብቆ ኖሮ በመጨረሻ ልባችንን አሳብጦ ይገድለናል። የባለቤትዎ፣ የልጆችዎ፣ የጸሐፊዎ፣ እንዲሁም በደወልኩ ቁጥር «ስብሰባ ላይ ናቸው» የምትለኝ የጸሐፊዎ ረዳት ልብ ሁሉ ደህና እንዲሆን ማርያምን ለምኛለሁ።

ስሜ ኤርሊንዳ ሞንታኞ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ነጩ ባንዲራ ከሚውለበለብበት ቤት ቺቻ እየጠመቅሁ የምሸጥ ሴት ነኝ። አምና ሊጎበኙን በመጡ ጊዜ ከበቆሎ ጠላዬ አንድ ጉንጭ ቀምሰው «ግሩም ነው!» ካሉ በኋላ የቀረውን ዘወር ብለው መሬት ላይ ሲደፉት፣ እኛ እንደ ወጋችን ለእናት ምድር ያፈሰሱ መስሎን እንዳጨበጨብንልዎ ያስታውሱ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ ብጽፍልዎ መልስ ስላላገኘሁ፣ ሰው ሁሉ ካነበበው ምናልባት እርስዎም ያነቡት ይሆናል ብዬ ይህችን ደብዳቤ በመሥሪያ ቤትዎ በር ላይ እንድትለጠፍና በክፍለ ሀገሩ ሬዲዮ እንድትነበብ አድርጌአለሁ። ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ።

ከቅሬታዬ በፊት ምስጋናዬ ይቅደም። «ታኮፓምፓ፣ አንድም ቀን ክኒኑን ያላቋረጠ፣ አንድም ሰው ያልሞተበት አርአያ መንደር» የሚለው የላኩልን ሰፊ ጨርቅ ደርሶን በትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ተሰቅሏል። ትምህርት ቤቱና መቃብሩ አጥር ለአጥር ናቸው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዘንበል ስትል የጨርቁ ጥላ የታናሽ እህቴን የቤኒግናን መቃብር ይሸፍነዋል፤ እዚያ ቦታ ዛፍ ስለሌለ ስለ ጥላው እጅግ እናመሰግናለን።

አንደኛ፣ ስለ ድምፁ። ክኒኑ የመጣ ሰሞን በየጎህ ቅዳዱ ማሽን እየደወለ «ክኒንህን ወሰድክ ወይ?» እንደሚለን ተነገረን። መጀመሪያ የመጣው ድምፅ የዋና ከተማ ወይዘሮ ድምፅ ነበር፤ በእስፓኝኛ ስታቀላጥፈው ሽማግሌዎቻችን «ደግሞ ምርጫ ደረሰ እንዴ!» እያሉ ይዘጉባት ጀመር። ይህን ጊዜ የሶፍትዌር ሠራተኛዎ ኢንጂነር ዋልዶ በእኛው ቋንቋ በኬችዋ የሚናገር፣ ሰውም የሚታዘዘው ድምፅ ፍለጋ መጣ። ቤኒግና ደግሞ ልማዷ ነው፣ ክትባት ሲሆን ቤት ለቤት ዞራ ሕፃናቱን ከአልጋ ሥር ጎትታ የምታስወጣ፣ ሰካራሙን ሁሉ «አንተ፣ ውኃ ጠጣ!» ብላ የምታስጠጣ ሴት ነበረች። እሷም በሽታው ነበረባትና ክኒኑን ትወስድ ነበር። ዋልዶ በግቢያችን ካለችው ሞዬ ዛፍ ሥር አስቀመጣትና ጥያቄውን፣ ምስጋናውን፣ ምክሩን አስነበባት። ቀጥሎ የበሽተኛውን ሁሉ ስም አንድ በአንድ እንድትጠራ ጠየቃት። የገዛ ስሟ ላይ ስትደርስ በሳቅ ፈረሰች።

«ራሴን በራሴ ልጥራ? አብዷል እንዴ ይሄ ሰውዬ!»

«ሲስተሙ ሰው አይመርጥም፣ ዶኛ ቤኒግና። አንብቢው በቃ።»

አነበበችው። ስትጨርስ የልጆቹንም ስም አስጠራት፤ «ለወደፊት ይጠቅማል» ነው ያላት። የአንድያ ልጇን የኖኤሊያን ስም የጠራችው ለእራት ስትጠራት እንደምታደርገው፣ መጨረሻውን ረዘም አድርጋ ነው። መሐል ላይ አውራ ዶሯችን ጮኸ። እናቴ ልታባርረው ስትነሳ ዋልዶ «ይተዉት እማማ፣ የገጠር ቃና ይሰጠዋል» አላት። ያን ዶሮ ለእህቴ ቀብር ለመጣው ሰው አርደነዋል። በእርስዎ ስልክ ግን ይኸው እስከ ዛሬ በየማለዳው ይጮሃል።

ሁለተኛ፣ ስለ ክኒኑ። መጀመሪያ ቤኒግናን ሰውነቷን አሳከካት፣ ቀጥሎ አፏ ቆሰለ፣ ቀጥሎ ቆዳዋ እንደተቀቀለ ድንች ልጣጭ በእጄ ላይ እየተላቀቀ ይመጣ ጀመር። ደግፌ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርስ ማይራ ገና ስታያት «ይሄ የክኒኑ ሥራ ነው፣ ዛሬውኑ መቆም አለበት» አለች። ነገር ግን ክቡርነትዎ ያዘዙት ሶፍትዌር ነርስ በገዛ ሥልጣኗ ክኒን እንዳታስቆም ይከለክላል፤ ከዳይሬክቶሬቱ የፈቃድ ቁጥር መምጣት አለበት፣ ቁጥሩ እስኪመጣ ድረስም ማያው ላይ በአረንጓዴ ቀለም «ክኒኑን ይቀጥሉ» የሚል ይወጣል። ማይራ ለጆሮዋ ጠጋ ብላ «እኔ ብሆን አልወስድም» ብትላትም ቤኒግናን ግን በየማለዳው ስልኩ ይጠራታል፣ የገዛ ድምፅዋ ይጠይቃታል። እባክሽን ተይው ብዬ እግሯ ላይ ወደቅሁ። «አንቺ ደግሞ! አገሩን ሁሉ በገዛ አፌ ውሰዱ እያልኩ እኔ ላቁም? ነገ ማን ይሰማኛል?» አለችኝ። መዋጥ እስኪያቅታት ድረስ ወሰደች። የፈቃዱ ቁጥር የደረሰው ከቀብር ተመልሰን እጃችንን ስንታጠብ ነው። እንዳይቀርብዎ ብዬ ልንገርዎ፣ ማይራ ሞክራው ነበር፣ ቁጥሩ በትክክል ይሠራል።

ሦስተኛ ቅሬታዬ አጭር ናት። ማይራ የእህቴን ሞት ልትመዘግብ ብትቀመጥ ማያው የሰጣት ምርጫ «ወስዳለች»፣ «አልወሰደችም»፣ «በፈቃዷ አቋርጣለች» እና «አካባቢ ለቃለች» የሚል ብቻ ሆነ። ወደ ከተማ ደውላ ብትጠይቅ «ሞት በሚቀጥለው እትም ይካተታል» ተባለች። አይ የኔ ነገር! ሞት በሚቀጥለው እትም እንደሚካተት አስቀድመን አውቀን ቢሆን ኖሮ እህቴን «ትንሽ ቆዪ» እንላት ነበር። ማይራ አማራጭ ስታጣ ሞታለች ብላ በአስተያየት መስጫው ላይ ጻፈችው። ነርስና በሽተኛ የማይስማሙ ሲሆን ግን ማሽኑ በሽተኛውን እንዲያምን ተደርጎ ተሠርቷል፤ ይህም የበሽተኛን መብት ለማክበር ነው ተባልን። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል ነበር፣ አሁን ማሽንዎ ሦስተኛ ሆኖ ተጨመረ።

«የሞተች ሴት ከነርስ ጋር እንዴት ትከራከራለች?» ይሉኝ ይሆናል። ጥያቄዎ የሊቅ ጥያቄ ነው፤ መልሱም አራተኛዬ ነው።

በእኛ አገር የገበሬ ማኅበሩ ሲሰበሰብ ስም ይጠራል። የተጠራው ቤት «አለሁ» ወይም «አለ» ካላለ የመስኖ ውኃ ተራው ለሌላው ያልፋል፣ እርሻውም ይደርቃል። ሰው ሲሞት ስሙ በማግስቱ አይፋቅም፤ እስከ ሙት ዓመቱ ድረስ ሊቀመንበሩ ይጠራዋል፣ ከቤተሰቡ አንዱ ብድግ ብሎ «አለ» ይልለታል። ነፍሱ ገና መንገድ ላይ ናት፤ ስሟ ተጠርቶ መልስ ብታጣ ከቤቴ አስወጡኝ ብላ ታዝናለች እንላለን። ሙት ዓመቱ ሲደርስ ቤተሰቡ «ሄዷል» ይላል፣ ወንበሩም ለልጁ ይሰጣል። አያቶቻችን እንዲህ ሲያደርጉ ኖሩ፣ ማንንም አልጎዳም፤ ውኃውም ሳይቋረጥ ሲፈስ ኖረ።

ታዲያ በቀብሩ ማግስት ጎህ ሲቀድ የቤኒግና ስልክ ጠራ። እናቴ ሳቱርኒና አነሳችው። ዶሮው ጮኸ፤ ከዚያ ትናንት የቀበርናት ልጅ «እንደምን አደራችሁ፣ እኔ ቤኒግና ነኝ። ቤኒግና ሞንታኞ፣ አለሽ? ካለሽና ክኒንሽን ከወሰድሽ አንድን ተጫኚ» አለች።  እናቴ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ እንደ ስብሰባው ቀጥ ብላ ቆመችና «አለች፣ ልጄ» ብላ አንድን ተጫነች። ስልኩም «ጎሽ እህቴ! እግዜር ረጅም ዕድሜ ይስጥሽ» ብሎ መረቃት።

እንግዲህ ክቡር ዶክተር፣ ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ሆነ። በሙታን ቀን የእህቴን ጠረጴዛ ስንዘረጋ፣ በሕፃን አምሳል ከተጋገረው ዳቦና ከቺቻው ጎን እናቴ ስልኩን ቻርጅ አድርጋ አስቀመጠችው። ሙታን የሚመጡት በቀትር ነው፤ የእኛዋ ግን የመንግሥት ሥራ ስላለባት በማለዳ ደወለች። እናቴ ብቻም አይደለችም። የዶን ሴኖቢዮ ሚስት ለሟች ባሏ አንድን ትጫናለች፣ ከወንዙ ማዶ ያሉትም ለአባታቸው እንዲሁ። ሕያዋኑ አንዳንዴ ድንች ለቀማ ይሄዱና ክኒናቸውን ይረሳሉ፤ ሙታኑ ግን አንድም ቀን አጉድለው አያውቁም። ያ ጨርቅዎ ላይ «ያላቋረጠ» ብለው ያመሰገኑት እነሱን ነው፣ ምስጋናውን በየመቃብራቸው እየዞርኩ አድርሻለሁ።

እንዳይታዘቡኝ፣ እኔ አልስቅም። ያ ድምፅ ቤቴ ውስጥ መጮህ ከጀመረ ወዲህ ቺቻ ሳማስል፣ ልብስ ሳጥብ፣ ከኋላዬ የቆመች ይመስለኛል፤ ዘወር እላለሁ፣ ማንም የለም። አንድ ማለዳ አላስችል ብሎኝ ስልኩን ከእናቴ እጅ ነጥቄ «አልወሰድኩም» የሚለውን ሁለትን ተጫንኩ። ቤኒግና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እህቴ፣ ምነው ተስፋ ቆረጥሽ? የሚወዱሽን አስቢ እንጂ። ነገ እመለሳለሁ» አለችኝ። ዋልዶ አስነብቧት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ስታነበው አጠገቧ ነበርኩ። ቢሆንም ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እናቴም ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም፤ ማታ ላይ ብቻ «ልጅሽ ስትጠራሽ የለሁም ትያለሽ አንቺ? ያለ ልጅ መቅረትሽ ለዚህ ነው» አለችኝ። ይህንንም ቻልኩት።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የእኛ ጉድ ነበር፣ በእኛም ይቀር ነበር። አሁን ግን የእኛ ሙታን በተጫኑት ቁጥር ተመሥርቶ ክኒኑ ማንንም አይጎዳም ተብሎ በአዋጅ ጸድቋል፤ ከመጪው ሰኞ ጀምሮም ምርመራው በሽታው አለበት ያለው የአገሪቱ ተማሪ ሁሉ እንዲወስደው ታዟል። ኖኤሊያ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። የእናቷን በሽታ ከእናቷ ሆድ ይዛ ተወልዳለች፣ የእናቷ ደም ነው ያላት፣ ቆዳዋም የእናቷ ቆዳ ነው። አባቷ ለግንባታ ሥራ ቦነስ አይረስ እንደሄደ ቀርቷል፤ ያለቻት አያቷና እኔ ነን። ያ ክኒን እህቴን ሲልጣት በእጄ ይዣታለሁና፣ በዚች ልጅ ላይ ሲደግመው ቆሜ ላይ አልችልም። ይኸው ነው ልቅሶዬ፣ ሌላ የለኝም።

ባለፈው እሑድ የቤኒግና ሙት ዓመት ነበር። ሊቀመንበሩ ስሟን ጠራ። እናቴ በኖኤሊያ ትከሻ ተደግፋ ተነሳችና «ሄዳለች» አለች። ልጅቷ በእናቷ ወንበር ተቀመጠች፤ ስሟ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠራ «አለሁ!» ያለችው ጮክ ብላ ነው፣ ሰው ሁሉ አለቀሰ። ቤት ስንገባ እናቴ ስልኩን በሻርፕ ጠቅልላ ሰጠችኝ። «ጻፊላቸው። ልጄ ሞታለች በያቸው፣ ድምፅዋንም ይውሰዱት። ድምፅዋ ይቅርብኝ፣ ልጇ ትትረፍልኝ» አለች። ይህን ቃል ከእናቴ አፍ ማውጣት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ እርስዎ ግን በአንድ ፊርማ ሊመልሱልን ይችላሉ።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምነው ይህ ነው። የሞተ ሰው ቤተሰብ የሚጫነው አንድ ቁጥር ይፈቀድልን። ብዙ እንዳያስቸግርዎ ብዬ ስልኩን አይቼዋለሁ፤ ዜሮ ባዶውን ተቀምጧል፣ ማንም አይጠቀምበትም። እህቴና ጎረቤቶቿ ሞተዋል ተብለው ይመዝገቡ፤ ሙከራው ከነሙታኑ እንደገና ይቆጠር፤ እስከዚያም ድረስ ክኒኑ ለአንድም ሕፃን እንዳይሰጥ። ጨርቁን ግን አይውሰዱብን፣ እንዳልኩዎ ለጥላ ጠቅሞናል።

በመጨረሻም፣ ጊዜዎን በልቤአለሁና ይቅርታዎ አይለየኝ። ሲሞቱ የሚመዘግብዎ ሰው እንዳያሳጣዎ፣ ስምዎም ተጠርቶ መልስ እንዳያጣ እየተመኘሁ፣ ከአርአያዋ መንደር፣ ከሕያዋኑም ከሙታኑም ጋር ሆኜ እጅ የምነሳ፣

ትሑት አገልጋይዎ
ኤርሊንዳ ሞንታኞ
የቤኒግና ታላቅ እህት፣ የኖኤሊያ አክስት

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ዓርብ ጽፌ ብጨርስም ወደ ከተማ የሚሄደው የጭነት መኪና ዛሬ ሰኞ ስለሆነ የሚነሳው፣ ከመታሸጉ በፊት ይህችን ልጨምር። ዓርብ ዕለት ለካ ሰኞን ሳይጠብቁ በትምህርት ቤት ለልጆቹ ክኒኑን ከጭማቂ ጋር አድለዋቸው ኖሯል፤ ልጅቷ ኪሷ ውስጥ ደብቃው ነበር። ዛሬ ጎህ ሲቀድ ከሻርፑ ውስጥ ስልኩ ጠራ። ለእህቴ የሚመጣው ጥሪ መስሎኝ ልዘጋው አነሳሁት። ዶሮው ጮኸ። ከዚያ ቤኒግና፣ ለእራት እንደምትጠራት መጨረሻውን ረዘም አድርጋ፣ «ኖኤሊያ ሮቻ፣ አለሽ?» አለች። ልጅቷ ከአልጋዋ ተስፈንጥራ «አለሁ እማ!» ብላ ቀጥ ብላ ቆመች። የደበቀችውን ክኒን ወደ አፏ ስትወስደው ከከንፈሯ ላይ መንጥቄ ከቺቻው ጋን ሥር እሳት ውስጥ ጣልኩት። ይኸው እስካሁን ጥግ ይዛ ታለቅሳለች፣ ዓይኔን አታየኝም። «አክስቴ፣ እናቴ እኮ ናት ውሰጂ ያለችኝ» ትለኛለች።

ነገ ማለዳ እናቷ እንደገና ትደውልላታለች። እርስዎ የተማሩ ነዎትና ይንገሩኝ፣ ክቡር ዶክተር፤ እኔ አክስቷ ብቻ ነኝ፣ ከእናቷ ጋር ተከራክሬ የማሸንፍ ይመስልዎታል?